ቁልፍ ያልተመታበት መዳብ

ሦስት ቃል እንኳ አይሞላም የተናገርኩት። "ምን ያስቸኩልሻል?" ነው ያልኳት። በዚህችው ነው የምወዳትን ሴት የስድስት ዓመት ድካም ገደል የከተትኩት፤ ያውም እየሳቅሁ፣ ያውም እጄ እጇ ውስጥ እያለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ግን ከአፋፉ የገፋሁት ራሴን አልነበረም።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር፣ የገበያ ቀን። ኤልስከ እንደ ወትሮዋ ከካቴድራሉ ደረጃ ግርጌ ቅቤዋን በጎመን ቅጠል ሸፍና፣ እንቁላሏን ገለባ ላይ ደርድራ ተቀምጣለች። እኔም እንደ ወትሮዬ ሳንቲም ከሚመታበት ከመምቻ ቤት ለምሳ ወጥቼ እንቁላል የምገዛ መስዬ አጠገቧ ቆሜያለሁ። አራት ዓመት ሙሉ እንቁላል ስገዛ የኖርኩ ሰው ነኝ። እናቴ "ልጄ፣ እንደ ዶሮ መጮህ ልትጀምር ነው እንዴ?" ትለኝ ነበር።

"ቬሰል፣ ቁም ነገር ልጠይቅህ" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ጠይቂኝ።"

"አትቀልድብኝ ታዲያ።"

"መቼ ቀልጄብሽ አውቃለሁ?"

"ያልቀለድክበት ጊዜስ መቼ አለ!" አለችና ሳቀች። ስትስቅ ዓይኖቿ ይጠፋሉ። ያን ለማየት ነው እኮ የምቀልደው። ከዚያ ሳቋን ሰብስባ ግራ ቀኙን አየች፤ ቁም ነገሩ በእርግጥ ቁም ነገር እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ኤልስከ የገባር ልጅ ናት። አባቷ የሚያርሱት መሬት፣ የሚተኙበት ጎጆ፣ እሷም ራሷ የካቴድራሉ ካህናት ጉባኤ ንብረት ናቸው። እኔ ድሃ ብሆንም የከተማ ልጅ ነኝ፣ ነፃ ሰው። በእኛ አገር ልጅ የእናቱን እጅ ይከተላል፤ ከገባር የተወለደ ገባር ነው። ገባር ያገባን ሰው ደግሞ ከተማው ከባለሙያ አይቆጥረውም። ስለዚህ እኔና እሷ እንድንጋባ አንድ ወረቀት ያስፈልጋል፣ የነፃነት ደብዳቤ። ጉባኤው ይሸጠዋል። የሚሸጠውም በዓመት አንድ ቀን፣ ግብር ሁሉ በሚገባበት በቅዱስ ማርቲን ዕለት ነው። ኤልስከ ለዚህ ወረቀት ስድስት ዓመት አጠራቅማለች። እኔን ካወቀችኝ አራት ዓመቷ ነው፤ ልብ በሉልኝ፣ ከእኔ በፊት ነው የጀመረችው።

ቅቤ የሚሸጥ ሰው እጅ ብር አይገባም። የሚገባው የአገራችን ገዢ የልዑል ጳጳሱ መዳብ ነው፤ በአንድ ጎኗ የጳጳሱ ጋሻ፣ በሌላው ሦስት ቁጥር ያለባት፣ "ባለሦስት" የምንላት ቡናማ ሳንቲም። ኤልስከ ይህችኑ ሳንቲም በማሰሮ ሞልታ አልጋዋ ሥር ቀብራዋለች።

"ማሰሮው ሞላ" አለችኝ። "ማርቲን ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። የጨው ነጋዴው በብር ልቀይርልሽ ይለኛል፤ ግን ከአሥሩ አንዱ የኔ ነው ይላል። አንዱን ከሰጠሁት ደግሞ ዘንድሮ አይሞላልኝም፣ ከርሞ ልጠብቅ ነው። በሌላ በኩል ሰዉ መዳብ ሊወድቅ ነው እያለ ያወራል። አንተ የመምቻ ቤት ሰው ነህ። ምን ትለኛለህ? ልቀይረው ወይስ ልተወው?"

አሁን እኔ የማውቀውን ስሙ። ከዚያ በፊት በነበረው ሰኞ የመምቻ ቤቱ ሹም አለቃ ቶንየስ በሩን ቆልፎ በወንጌል አስምሎኛል። ልዑል ጳጳሳችን በአንድ እጃቸው ይባርካሉ፣ በሌላው ያስገብራሉ፤ ያን ዓመት የበረታው ሁለተኛው እጅ ነበር። አዲስ የመዳብ አዋጅ እሁድ ይወጣል። ከእሁድ ጀምሮ ባለሦስት ሁሉ በአንድ ይሄዳል። በሦስት የሚሄደው ትንሽ የቁልፍ ምልክት የተመታበት ብቻ ነው፤ ቁልፉ የሚመታውም የጳጳሱ ግምጃ ቤት ባለው መዳብ ላይ እንጂ በሕዝቡ ላይ አይደለም። ያቺን ቁልፍ በብረት ላይ የምቀርፀው ደግሞ እኔ ነኝ። "ሥራህን አሳምር፣ አፍህን ዝጋ" ነው ያለኝ አለቃ። "ለማርቲን ዋናው ማኅተም ቀራፂ አንተ ነህ። ደመወዝህ በብር። ከመምቻ ቤቱ በላይ ያለውም ቤት ያንተ።"

ቤት አለኝ! ኤልስከን የማስገባበት ቤት። ሰኞ ማታ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማሰሮዋን አላሰብኳትም ብል ማን ያምነኛል? አስቤያታለሁ። አስቤያት ወደ ሌላ ጎኔ ዞርኩ።

"ምነው ዝም አልክ?" አለችኝ። ከዚያ እጄን አየችና ያዘችው። "ጣትህ ላይ ምንድነው ይሄ?"

እኛ ቀራፂዎች ሥራችንን የምንፈትነው በሻማ ጭስ ነው። ብረቱን ጭሱ ላይ ይዘን እናጠቁረውና የሆነ ነገር ላይ እንጫነዋለን፤ ያኔ ቅርፁ ወለል ብሎ ይታያል። ወረቀት ካጣን አውራ ጣታችን አለ። ጠዋት የፈተንኳት ቁልፍ፣ ምስር የምታክል፣ ጥርሷ ሳይቀር ጣቴ ላይ ቁጭ ብላለች።

"ጥላሸት ነው" አልኳት።

"ቁልፍ ይመስላል። ስታምር!" አለችና የሽርጧን ጫፍ በምራቋ አርሳ ጣቴን ጠረገችው። ቀስ ብላ፣ የሕፃን ፊት እንደምትጠርግ። "እሺ፣ መልስልኝ እንጂ። ልቀይር?"

እኔም ሳቅሁና ያልኩትን አልኩ።

"እኔም እንደሱ አስቤ ነበር" አለች። ፊቷ ሁሉ በራ። ለምሳዬ የመረጠችልኝን እንቁላል በገለባ ጠቅልላ ሰጠችኝና "ያንተን አፍ ማመን ደስ ይላል" አለችኝ።

*

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዋጁ በካቴድራሉ ደጃፍ ተነበበ። እኔ አልወጣሁም። መምቻ ቤቱ ጓዳ ተቀምጬ ያለቀለትን ብረት እወለውላለሁ። ጩኸቱ ግን ግድግዳ አላገደውም። መጀመሪያ አደባባዩ ጸጥ አለ። ቀጥሎ አንዲት ሴት "ኧረ በማርያም!" ብላ ጮኸች፣ ከዚያ ሁሉም ተቀበሏት። ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው።

አለቃ ቶንየስ ገብቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። "እሰይ የኔ ልጅ! አፍህ መቃብር ነው" አለኝ። ጉዴን ስሙ፣ አመሰገንኩት።

ለራሴ የምነግረው ተረት አዘጋጅቼ ነበር። ደመወዜ በብር ይሆናል፤ እቆጥብና በሁለት ዓመት፣ በሦስት ዓመት ደብዳቤዋን እኔው እገዛላታለሁ፤ ያኔ ምንም አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ! ግን ሰው ጥፋቱን የሚሸፍንበት ሲያጣ ሰማይ ላይ ያለችውንም ላም ያልባል።

ሐሙስ ደረሰ። በጓሮ በር ልሾልክ አሰብኩ፣ እግሬ ግን ለምዶበት ወደ ደረጃው ወሰደኝ። ኤልስከ አየችኝ። ቅርጫቷን አስቀምጣ ተነሣች። በሰው ፊት ጣቴን እንኳ በቅጡ የማትነካ ልጅ፣ በዚያ ሁሉ ገበያተኛ መሐል መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። ልትመታኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምነው በመታችኝ!

"አንተንም አታለሉህ አይደል?" አለችኝ።

ዓይኔን ገለጥኩ።

"አየህ፣ ለራሳቸው ሰው እንኳ አይናገሩም። ሌት ተቀን ስትለፋላቸው ኖረህ! እኔ እኮ ያዘንኩት ለአንተ ነው፤ ሲሰማ ምን ይሆናል፣ 'እኔ ነኝ ያሳሳትኳት' ብሎ ራሱን ይበላል ብዬ። አይዞህ። በደል የነሱ ነው፣ ያንተ አይደለም።"

እኔ ምን አደረግሁ? ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ፣ አታለሉኝ ብዬ ነቀነቅሁ! የመጀመሪያው ውሸት በድንገት ነው ልበል፤ ይሄኛውን ግን በሁለት እጇ መሐል ሆኜ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ነው የዋሸሁት።

"ማሰሮዬ ወደ ሲሶ ወረደች" አለች። ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ከንፈሯ እንቢ አላት። "ለእኔስ እሺ። ያቃጠለኝ ሰፈሩ ነው። 'የኔ ሰው መምቻ ቤት ነው፣ ምን ያስቸኩላችኋል ብሏል' ብዬ ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ። ልቀይር ያለውን ሁሉ መለስኩት። አሮጊቷ እትዬ ትሪነ እንኳ የመቀበሪያ ገንዘቧን ይዛ ልትወጣ ስትል ከመንገድ መልሼያታለሁ።"

አንድ ማሰሮ መስሎኝ ነበር እኮ የሰበርኩት።

ልትለየኝ ስትል ሁለት እንቁላል መርጣ እጄ ላይ አደረገች። "ዛሬ በነፃ ነው። ብላ፣ ከስተሃል" አለችኝ። እነዚያን እንቁላሎች መብላትም መጣልም አቃተኝ። መስኮቴ ላይ ተቀምጠው እስኪሸቱ ድረስ በየቀኑ ያዩኝ ነበር።

*

የማርቲን ዕለት በጉባኤው ደጅ ቆሜ ግብር የሚያገባውን ገበሬ ስመለከት ዋልኩ። አባቷ ብቻቸውን መጡ፣ እህላቸውን አስረከቡ፣ ጎንበስ ብለው ሄዱ። ኤልስከ የለችም። በሚቀጥለው ሐሙስም የምትቀመጥበት ደረጃ ባዶ ነበር። በማግሥቱ ሹመቴን ተቀበልኩ። የቤቱን ቁልፍ ሰጡኝ፤ ቁልፍ የሚባል ነገር ማየት አስጠልቶኛል፣ ግን ተቀበልኩ።

ደብዳቤ ልጽፍላት ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው "ኤልስከ፣ አውቅ ነበር" ብሎ ይጀምራል። እዚያ ላይ እጄ ቆመ። ኤልስከ ማንበብ አትችልም። ለመንደሯ ለብሩክሆፍ ሰው ሁሉ ደብዳቤ የሚያነበው ደወል ደዋዩ ሄርመን ነው፤ እሱም ከማድቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ድምፁን እንደ ስብከት ከፍ አድርጎ ነው የሚያነበው፤ ሚስቱ ታብራራለች፣ ጎረቤት ይሰማል። የኔን ኃጢአት ለሄርመን ሚስት? ቀደድኩና እሳት ውስጥ ጣልኩት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። የላክሁት ሦስተኛውን ነው። "ኤልስከ ሆይ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? አባባስ፣ ሳሉ ተሻላቸው? እኔ ሹመቴን ተቀብያለሁ። ቤቱ ሁለት መስኮት አለው። ናፍቀሽኛል።"

ሄርመንን ምክንያት አደረግሁ እንጂ የፈራሁት እሷን ነው።

መልሱ ቅዳሜ በጋሪ ነጂ እጅ መጣ። በሄርመን ደማቅ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈው ይሄ ብቻ ነው፦

"ጤና ነኝ። አባባም ደህና ናቸው። አውራ ጣትህ እንዴት ነው?"

ከሥሩ ሄርመን ከራሱ ጨምሮበታል፦ "ምን ነካህ ደግሞ ጣትህን? ማር ቀባበት፣ ፍቱን ነው።"

አውቃለች። በምራቋ አርሳ የጠረገቻትን ቁልፍ አግኝታታለች። ከመቼ ጀምሮ? ያን ከንቱ ደብዳቤዬን፣ ያን ሁለት መስኮት ያለውን ቤት፣ አውቃ ነው ቁጭ ብላ ያስነበበችው? አፈር በሆንኩ! ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

*

እሁድ ጠዋት ወደ ብሩክሆፍ ተነሣሁ። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ስደርስ ቅዳሴው አብቅቶ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሊንደን ዛፉ ሥር ቆሟል። ወትሮ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ሳቅና ጨዋታ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ በአንድ በኩል፣ ኤልስከ በሌላ በኩል። ከግንቡ ተጠግታ ብቻዋን ቆማለች። አባቷ እንኳ ራቅ ብለው መሬት መሬቱን ያያሉ።

ሄድኩና ፊቷ ቆምኩ። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። እጇን ዘረጋችና መዳፏን ከፈተችው። አንዲት ባለሦስት አለች። ከጳጳሱ ጋሻ ጥግ ላይ ቁልፌ ተመትታባታለች።

"ለማርቲን በዓል ዝይ ሸጥኩ" አለች። "የገዛኝ የጳጳሱ ወጥ ቤት ነው፣ በአዲሱ ከፈለኝ። አየኋትና አወቅኋት። ጥርሷን ሳይቀር። በዚህ ሽርጥ ነው የጠረግኋት።"

"ኤልስከ..."

"ሐሙስ ነበር። አዋጁ የወጣው እሁድ ነው።"

"አስምለውኝ ነበር። በወንጌል።"

"ዝም በል ብለው ነው ያስማሉህ ወይስ ዋሽ ብለው?"

ዓይኔን ወደ ሽርጧ መለስኩ።

"ዝም ብትለኝ ኖሮ ዝምታህ ይገባኝ ነበር። 'ስለ መዳብ አትጠይቂኝ' ብትለኝ ሮጬ ሄጄ እቀይረው ነበር።"

"እሱም እኮ መሐላ ማፍረስ ነው።"

"ታዲያ እሱን ነበራ የምታፈርስልኝ!" አለች። እዚህ ላይ ነው ድምጿ የተሰበረው። "እኔ ገበያ መሐል ፊትህን ይዤ አይዞህ ስልህ... አንተ ራስህን ነቀነቅህ። ማሰሮዬን ይቅር ብዬህ ነበር እኮ። ፈርቶ ነው ብዬ፣ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁህ። ከማርቲን ጀምሮ በየቀኑ መንገድ መንገዱን አየሁ። ደብዳቤ መጣ ሲሉኝ እንዴት ሮጬ እንደሄድኩ ብታይ! ሄርመን ሲያነብ... ስለ መስኮት ጻፍክልኝ፣ ቬሰል። ስለ መስኮት!"

መንገዱን ሁሉ ሳዘጋጀው የመጣሁት ነገር ነበር፣ እሱን አወጣሁት። "ሹመቱን እተዋለሁ። እዚህ እመጣለሁ። ከእናንተ ጋር አርሳለሁ። ነፃ ሰው ገባር መሬት ላይ ከገባ ገባር ይሆናል አይደል? እሆናለሁ። ወረቀትም አያስፈልገንም፣ እንጋባ።"

ትወደዋለች ብዬ ነበር። ዓይኗ ግን እንደ እሳት ሆነ።

"ሰማህ?" አለችኝ። "እኔ ከዚህ ለመውጣት ስድስት ዓመት ቅቤ ሳልቀምስ ቅቤ ሸጬያለሁ። አንተ ደግሞ ንስሐ ልግባበት ብለህ እዚሁ ልትገባልኝ ነው? ልጆቼን በእናታቸውም በአባታቸውም ገባር ልታደርግልኝ? ወረቀቱ ላንተ ብቻ መስሎሃል? የኔ ነው! አንተን ሳላውቅ ነው የጀመርኩት!"

ደነገጥኩ። እውነቷን ነው። ዋጋ የከፈልኩ መስሎኝ የሷን ምኞት ነው እግሬ ሥር የጣልኩት።

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አልኳት። "ንገሪኝ። የምትይውን ሁሉ።"

ወደ ዛፉ አየች። ሰዉ ጀርባውን ሰጥቷታል። "ከመምቻ ቤቱ ተከፍሏት ነው ይሉኛል" አለች ቀስ ብላ። "ሆን ብላ ነው ያስቀረችን፣ ፍቅረኛዋ በእኛ ነው የተሾመው ይላሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደህና አደርሽ ያለኝ ሰው የለም። አባባ ከእኔ ጋር ማዕድ አይቀርቡም። ማሰሮው ይሞላል ቬሰል፣ ሲሶ አለው፣ ከባዶ አልጀምርም። ስሜን ግን በምን እሞላዋለሁ?"

ከዛፉ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። የጠፋ ላም፣ የሚሸጥ መሬት፣ የግብር ቀን የሚነገረው እዚያ ላይ ቆሞ ነው። ሄጄ ወጣሁበት። ሰዉ ዞረ። ሄርመን "ጣትህ ዳነልህ?" አለኝ፣ ምስኪን።

"ስሙኝ" አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። "ቬሰል እባላለሁ፣ የመምቻ ቤቱ ማኅተም ቀራፂ ነኝ። አዋጁ ሳይወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ኤልስከ 'መዳቤን ልቀይር ወይ?' ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አውቅ ነበር። ቁልፏን የቀረፅኋት በዚህ እጄ ነው። አውቄ ዋሸኋት። ምን ያስቸኩልሻል አልኳት። የነገረቻችሁን እውነት ነው ብላ አምና ነው የነገረቻችሁ። ማሰሮዋ ከሁላችሁ ይበልጥ ነው የተበላው። ዋሾው እኔ ነኝ። እሷ አንዲት ቃል አልዋሸችም።"

እንዲህ ባልኩበት ቅጽበት ሹመቴም፣ ባለሁለት መስኮት ቤቱም እንደሄዱ አውቄያለሁ። የመንደሩ ቄስ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል፤ ሰኞ ሳይረፍድ አለቃ ቶንየስ ጆሮ ይደርሳል። የመምቻ ቤት ምሥጢር ያወጣን ሰው ደግሞ ማባረር ብቻ አይበቃውም ይላሉ። ግን ያን ሰዓት የማየው የኤልስከን አባት ነበር። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ቀስ እያሉ ሄዱ፣ ልጃቸው አጠገብ ቆሙ። ምንም አላሏትም። ትከሻዋ ላይ የወደቀ የሊንደን ቅጠል ነበር፣ አነሡላት።

አንድ ገበሬ እግሬ አጠገብ እንትፍ አለ። ሌላው ድንጋይ አነሣ፣ ሚስቱ እጁን ያዘችው። እትዬ ትሪነ በምርኩዟ ሰዉን እየከፈለች መጣችና ከታች ሽቅብ ገላመጠችኝ። ሰማንያ ዓመቷ ነው።

"አንተ ነህ የመቀበሪያዬን የበላኸው?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"በል እንግዲህ፣ እስኪሞላልኝ አልሞትም ማለት ነው!" አለች። "ብዙ ዓመት ታየኛለህ። በየሐሙሱ እየመጣሁ እረግምሃለሁ።" ከዚያ ወደ ኤልስከ ዞረች። "ነይ ልጄ፣ ክንድሽን ስጪኝ፣ መንገዱ ያዳልጣል።" ሦስት ሳምንት ያላነጋገረቻት ሴት ናት።

ኤልስከ አሮጊቷን ከቤቷ አድርሳ ተመለሰች። እኔ ከመንደሩ መውጫ ድልድዩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ለመሄድም ለመቅረትም መብት ያለኝ አልመሰለኝም። መጥታ አጠገቤ ቆመች፣ ግን ክንዷ ክንዴን አልነካም። ሁለታችንም ውኃውን አየን።

"ያባርሩሃል" አለች።

"ያባርሩኛል።"

"ምን ትሠራለህ?"

"እንጃ። እንጨት ላይም እችላለሁ። አበባ ያለው የቅቤ ማተሚያ እቀርፃለሁ።"

"የኔ ተሰንጥቋል" አለች። ያቺን ባለቁልፍ ሳንቲም አሁንም ጨብጣታለች፤ ወደ ውኃው የምትወረውራት መሰለኝ። አልወረወረችም። ኪሷ ውስጥ ጨመረቻት፤ ሦስት ናትና፣ ለማሰሮዋ ትበጃለች።

ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። "ኤልስከ" አልኩ፤ እንባዬ መጣ፣ አላፈርኩበትም። "መቼ ነው ይቅር የምትይኝ?"

ዞራ አየችኝ። ረጅም አየችኝ። ዓይኖቿ አልጠፉም፣ አልሳቀችም፤ ግን ከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ ምሬት ይሁን ርኅራኄ እስካሁን አልለየሁትም።

"ምን ያስቸኩልሃል?" አለችኝ።

ቃሌን ነው የመለሰችልኝ። ልቤን እንደ ብርድ ወጋው፤ ሆኖም ስትሄድ ቆሜ እያየኋት ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈስኩ።